ስሜ ጋሪ አይደለም

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሆቴል፣ የታክሲና የፓርኪንግ ሠራተኞች በሌበር ዴይ (በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) ሲሰባሰቡ የተነበበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ከወረቀት ነው የማነበው። ባለቤቴ ናት ያስጻፈችኝ። «ሳትጽፍ ከተነሳህ ቡናው ይቀዘቅዛል፤ ሰዉም የማታ ሺፍት አለበት» አለችኝ። ልክ ናት። ደሴ ታሪክ ሳስተምር ደወል ተደውሎም አላቆምም ነበር። ከተማሪዎቼ ሁለቱ እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ይመስክሩ።

አዘጋጆቹ «ስለ ሌበር ዴይ አጠር ያለ ታሪክ ንገረን፤ ከፋብሪካው ዘመን ጀምረህ እስከ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት» ነው ያሉኝ። በ20 ደቂቃ! ስለዚህ ባለጸጎቹን ካርኔጊን፣ ሮክፌለርን፣ ፎርድን ዛሬ እተዋቸዋለሁ። እነሱ የሚያወራላቸው አላጡም። እኔ የማወራው ስለ አንድ የባቡር ፉርጎና እዚያ ውስጥ ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

በራሴ ስም ልጀምር።

እናቴ ከሦስት ሴቶች በኋላ ወለደችኝና «ጌታቸው» አለችኝ። የእህቶቼ ጌታ መሆኔ ነው። እህቶቼ ግን አንድ ቀን እንኳ ጌትነቴን አምነውልኝ አያውቁም። በሱዳን ዞሬ፣ ካርቱም ሦስት ዓመት ተቀምጬ፣ በ1989 እዚህ ገባሁ። በአራተኛው ወር አንድ ትልቅ ሆቴል ቤልማን ሆኜ ተቀጠርኩ። ሻንጣ ተሸካሚ ማለት ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ግን «ሆቴል ነው የምሠራው» ብለን እናልፋታለን አይደል?

የመጀመሪያው ቀን ሱፐርቫይዘሩ ስሜን ከወረቀት ላይ ለማንበብ ሞከረ። አንዴ፣ ሁለቴ። አልፈርድበትም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ «ማስቲካ ውሰድ» የሚል ይመስላል። «እንግዶቹ ይቸገራሉ» አለኝ። መሳቢያውን ከፈተና ሌላ ሠራተኛ ትቶት የሄደ የስም ባጅ አወጣ። ነሐስ መሳይ፣ አንዱ ጥግ የተጫረ፣ ከኋላ መርፌው የላላ። ደረቴ ላይ ሰካልኝ። «ጋሪ» ይላል።

ለእሱ ጋሪ የሰው ስም ነው። ለእኔ ጋሪ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ኮምቦልቻ ላይ ፈረስ የሚጎትተው ነው። ሥራዬ ደግሞ ሻንጣ የተጫነበት ጋሪ መግፋት! ጋሪ ጋሪ ሲገፋ አስቡት። ከጌታቸው ወደ ጋሪ፣ በአንድ ጠዋት።

እና ምን አልኩ? «ታንክ ዩ» አልኩ። ሰባት ወር ጋሪ ሆኜ ሠራሁ። ደሞዝ ይገባል፣ ቲፕ ይገባል፣ አገር ቤት ብር ይሄዳል። ስም ይበላል እንዴ?

ሃውስኪፒንግ ውስጥ፣ ክፍል ከሚያጸዱት ጋር፣ አንዲት ትልቅ ሴት ነበረች። ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ስሟን አልጠራም፤ እኛ ሐበሾቹ «እማማ» ነበር የምንላት። የዩኒየኑ፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ተጠሪ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ምሳ ክፍል አጠገቤ ተቀመጠችና ባጄን አየችው። «ይህን ስም እናትህ ነች ያወጣችልህ?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት። «እናትህ ማን አለችህ?» ነገርኳት። «እንደገና በለው።» እንደገና አልኩት። ምሳዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ሶፍት ላይ በእስክሪብቶ እየጻፈች፣ ስሜን እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ተለማመደችው። ጌ። ታ። ቸው። የእኔ እንጀራ ቀዝቅዞ ቀረ፤ የእሷም ሾርባ። በሚቀጥለው ሳምንት ሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አላውቅም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አዲስ ባጅ መጣልኝ። ስሜ፣ ሙሉው፣ ከነ«ቸው»ው።

«ለምን ይህን ያህል ደከምሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «አያቴ ባቡር ላይ ነበር የሚሠራው» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆርጅ ሲሉት ኖሩ። ስሙ ጆርጅ አልነበረም።» ይህን ብላ አንሶላ የተከመረበት ጋሪዋን እየገፋች ሄደች።

እኔ የታሪክ አስተማሪው አልገባኝም። ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው። በዕረፍቴ ቀን መሃል ከተማ ያለው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ተቀመጥኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ያኔ የጀመርኩትን ነው።

ጆርጅ ፑልማን የሚባል ሰው ነበር። ባለ አልጋ የባቡር ፉርጎ ሠርቶ የከበረ። ኩባንያውን ያቋቋመው በ1867፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት ነው። አልጋ የሚያነጥፍ፣ ጫማ የሚጠርግ፣ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ፈለገ። ከባርነት ገና የወጡትን ጥቁሮች ቀጠረ። ፖርተር ተባሉ። ተሳፋሪው ደግሞ ሁሉንም «ጆርጅ» አላቸው፤ ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደነበረው፣ በፑልማን ስም።

ፉርጎዎቹን የሚሠሩት ሠራተኞች ቺካጎ አጠገብ ፑልማን ራሱ በሠራው ከተማ ነበር የሚኖሩት። ቤቱ የእሱ፣ ሱቁ የእሱ፣ ቤተ መጻሕፍቱም የእሱ። በ1893 ኢኮኖሚው ተናጋ። ፑልማን ደሞዝ ሩብ ያህል ቀነሰ። የቤት ኪራይ ግን አልቀነሰም! ኪራዩን ደግሞ እዚያው ከደሞዛቸው ላይ ይቆርጣል። ግንቦት 1894 ሥራ አቆሙ። በዩጂን ዴብስ የሚመራው የአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች ዩኒየን ደገፋቸው፤ ከሰኔ 26 ጀምሮ አባላቱ የፑልማን ፉርጎ ያለበትን ባቡር አናንቀሳቅስም አሉ። የአገሪቱ ባቡር በብዙ ቦታ ቆመ።

አሁን ቀኑን ያዙልኝ። ቦይኮቱ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 28፣ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ አንድ ሕግ ፈረመ። የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ የሠራተኞች ቀን ይሁን የሚል። ዛሬ ሥራ ያስፈታን ሕግ ማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላው ያው ፕሬዚዳንት ቺካጎ ወታደር ላከ። ሰው ተገደለ። ዴብስ እስር ቤት ገባ። በአንድ እጅ በዓል፣ በሌላ እጅ ጥይት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥብሳችንን እየጠበስን እናከብረዋለን።

(አንድ ነገር በቅንፍ። ሜይ ዴይ፣ የዓለም ሠራተኞች ቀን፣ ከሞስኮ የመጣ የሚመስለን ብዙ ነን። እኔም በሰልፍ አብዮት አደባባይ ስወጣ እንደዚያ ነበር የማስበው። መነሻው እዚሁ ነው፤ ቺካጎ፣ በ1886 ስምንት ሰዓት ብቻ እንሥራ ብለው የወጡ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ላብ አደር እንበል ወዝ አደር በሚለው ስንጨቃጨቅ ጊዜው አለፈ።)

ያ የዴብስ ዩኒየን ግን ሰኔ ላይ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ጥያቄ ተነሳ። ጥቁር ሠራተኛ አባል ይሁን ወይስ አይሁን? ዴብስ ይሁን አለ። ድምፅ ተሰጠ። 112 ለ100። አይሁን!

በ12 ድምፅ። ፑልማንን ሊጥሉት የተነሱ ሰዎች፣ የፑልማንን አልጋ የሚያነጥፈውን ሰው በሩን ዘጉበት። ተሸነፉ። ዩኒየኑም ፈረሰ።

ፑልማን በ1897 ሞተ። ቤተሰቡ ሠራተኞች መቃብሩን ይቆፍራሉ ብሎ ስለፈራ በሌሊት ነው የተቀበረው፤ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ኮንክሪትና የባቡር ሐዲድ ብረት ተከምሮበት። ሀብታም ሆኖ እንዲህ ከመቀበር ይሰውራችሁ። ኩባንያውን ከእሱ በኋላ የመራው ማን ይመስላችኋል? ሮበርት ሊንከን። የአብርሃም ሊንከን ልጅ። አባት ነፃ ያወጣቸውን ልጁ አልጋ ያስነጥፋቸው ጀመር።

አሁን ፉርጎው ውስጥ እንግባ። በ1920ዎቹ ኩባንያው ወደ 12,000 ገደማ ፖርተርና አስተናጋጅ ነበረው። ሙሉ ደሞዝ ለማግኘት በወር 400 ሰዓት መሥራት ወይም 11,000 ማይል መጓዝ ነበረባቸው። ድርብ ሺፍት የምትሠሩ አስሉት። ያለ አንድ ቀን ዕረፍት በየቀኑ 13 ሰዓት ነው። ሌሊት ለሦስትና ለአራት ሰዓት ቢተኙ ነው፤ ደወሉ ሲጮህ ይነሳሉ። ጫማ የሚጠርጉበትን ቀለም የሚገዙት ከኪሳቸው ነው። ባቡሩ ሳይነሳ ፉርጎውን ሲያሰናዱ የሚውሉበት ሰዓት አይከፈልም። ደሞዝ ጨምሩልን ሲሉ መልሱ «ቲፕ አላችሁ» ነው። ይህችን መልስ የምታውቋት እጃችሁን አውጡ። አየሁ፤ አውርዱ።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልጨምር። ጆርጅ የሚባሉ ነጮች «ስማችን ተዋረደ» ብለው ፖርተርን ጆርጅ ማለትን የሚከላከል ማኅበር አቋቋሙ። ለቀልድ ነው፤ ለፖርተሩ አዝነው አይደለም። በመጨረሻ በ1926 ኩባንያው በየፉርጎው የፖርተሩን ስም የያዘ ካርድ መስቀል ጀመረ። ሲቆጠር ከ12,000ው ውስጥ በእውነት ጆርጅ የሚባሉት 362 ብቻ ሆነው ተገኙ።

ከዚያ ዓመት በፊት፣ ነሐሴ 25 ቀን 1925፣ ኒው ዮርክ፣ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሃርለም ውስጥ በአንድ አዳራሽ ወደ 500 ሰዎች ተሰበሰቡ። የመኝታ ፉርጎ ፖርተሮች ወንድማማች ማኅበር የተወለደው ያን ቀን ማታ ነው። መሪ አድርገው የመረጡት ፊሊፕ ራንዶልፍን ነው። ራንዶልፍ ፖርተር አልነበረም፤ የመጽሔት አዘጋጅ ነው። ለምን እሱን? ኩባንያው ሊያባርረው ስለማይችል! ያን ማታ አዳራሹ ውስጥ የኩባንያው ሰላዮች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የተናገረው ራንዶልፍ ብቻ ነበር። ፖርተሮቹ ዝም ብለው ሰሙ። አንድም ሰው ተናግሮ ሥራውን እንዳያጣ።

ያቺን ዝምታ ሳስባት ሁልጊዜ ትገርመኛለች። የኛም ሰው ዝም ይላል። ግን የነሱ ዝምታ አብሮ ለመቆም ነበር።

ኩባንያው ምን አደረገ? አባላቱን አባረረ። ሰላይ ቀጠረ። ሌላም አደረገ፤ ይህንን ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ስሙኝ። ፊሊፒኖ ስደተኞችን አምጥቶ ባቡሩ ላይ አሠማራ። «እናንተ ከተንጫጫችሁ እነሱ አሉልን» ለማለት። እነዚያ ፊሊፒኖዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እንደኔና እንደናንተ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ግን ማን ላይ ማስፈራሪያ ሆነው እንደተቀጠሩ የነገራቸው አልነበረም።

ለእናንተስ የነገራችሁ አለ?

1929 መጣ። ገበያው ወደቀ። ባቡር የሚሳፈር ጠፋ፣ ቲፕ ጠፋ፣ ፖርተሩም ተቀነሰ። ማኅበሩ በሺዎች ይቆጠሩ ከነበሩት አባላቱ ጥቂት መቶዎቹ ብቻ ቀሩት። የቢሮ ኪራይ መክፈል አቃተው። ራንዶልፍ የነተበ ልብስ ለብሶ ይዞር ነበር። በ1934 የባቡር ሠራተኞች ሕግ ተሻሻለና ፖርተሮችንም አቀፈ፤ በ1935 ድምፅ ተሰጥቶ ማኅበሩ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ነሐሴ 25 ቀን 1937፣ ልክ በ12ኛ ዓመቱ፣ ፑልማን ውል ፈረመ። ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ከጥቁሮች ዩኒየን ጋር ሲፈራረም የመጀመሪያው ነው። 400 ሰዓቱ 240 ሆነ።

አሁን ልቤ ውስጥ ያለው ጋ ደረስኩ።

በዚያው ቀን፣ ነሐሴ 25 ቀን 1937፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ሌላ ማኅበር ተመሠረተ። የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ይባላል። መሥራቹ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው በሕክምና የተመረቁት፤ ያገቡትም ጥቁር አሜሪካዊት ነው። አገራቸው በፋሺስት ተይዛለች። አባል ለመሰብሰብ የሄዱት ማን ጋ ነው? ፖርተሩ ጋ፣ አጣቢዋ ጋ፣ ሃርለም ያለው ሥራ ፈት ጋ።

እነሱም ቀድመው ያውቁን ነበር። ፖርተሮች የጥቁሮችን ጋዜጣ በሻንጣቸው ወደ ደቡብ ያዘዋውሩ ነበር። በ1935 እነዚያ ጋዜጦች ስለ እኛ ጻፉ፤ አንዱማ የራሱን ጋዜጠኛ እስከ አገራችን ላከ። ሃርለም ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጣ። በየቤተ ክርስቲያኑ መዋጮ ተሰበሰበ። ጆን ሮቢንሰን የሚባል አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ ለጃንሆይ አውሮፕላን አበረረ። የሚበላው የሌለው ሰው፣ አይቶት የማያውቀውን አገር ሰው ወንድሜ አለ!

እኛስ? እኛ ካፌ ተቀምጠን፣ ማኪያቶ ይዘን፣ ምንድን ነው የምንለው?

«እነሱ እኮ ሥራ አይወዱም።» «እኛ ከነሱ ጋር አንድ አይደለንም።» «ልጄን እነሱ ያሉበት ትምህርት ቤት አላስገባም።» ሰምታችኋል። እኔም ሰምቻለሁ። የባሰው ደግሞ፣ በመጀመሪያው ዓመቴ እኔም ብያለሁ። ደረቴ ላይ ጋሪ ለጥፌ!

400 ሰዓት የሠራ ሰው ነው ሰነፍ የሚባለው? እናንተ ዛሬ ሆቴሉ ስምንት ሰዓት አሠርቶ የሚለቃችሁ፣ ኦቨርታይም የሚከፍላችሁ፣ በመልካችሁ አላሳድርም የማይለው በማን ትግል ነው? በማኪያቶ ነው? ራንዶልፍ በ1963 እዚሁ ከተማ ሩብ ሚሊዮን ሰው ያሰለፈ ሰው ነው። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ይህ አዳራሽ ብቻውን የሁለት ዓመት ኮታ ነው። ያ የኮታ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው፤ የጥቁሮቹ ሰልፍ አገሩን ከነቀነቀ በኋላ። በሩን ገፍተው የከፈቱት እነሱ ናቸው፤ እኛ ሻንጣችንን ይዘን ገባን። ገብተን ደግሞ «ወይ ጉድ፣ እነዚህ በር ላይ ምን ያደርጋሉ» አልን።

ባለፈው ዓመት በአንድ ሆቴል ዩኒየን ይግባ አይግባ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ሃውስኪፒንግ ያሉት ጥቁር አሜሪካውያንና የሳልቫዶር ሴቶች ዓመት ሙሉ ለፍተውበታል። የኛ ልጆች ቀሩ። ማናጀሩ ቀደም ብሎ ጠርቷቸው «እናንተ ሐበሾች ጨዋ ናችሁ፣ ሰላማዊ ናችሁ» ብሏቸው ነበር። ሙገሳ መሰላቸው! በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ። የቀሩት የኛ ልጆች ቁጥር ከዚያ ይበልጥ ነበር።

112 ለ100 ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ቀሪውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ ባለቤቴ ሰዓቷን እያየች ነው።

በድቀቱ ዘመን በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አልነበረውም። ባንክ በሺዎች ተዘጋ። ከዚያ በፊት በ1932 ክረምት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች «ቃል የተገባልንን ጉርሻ አሁን ስጡን» ብለው እዚሁ ዋሽንግተን መጡና አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ድንኳን ተከሉ። ነጭና ጥቁር አብሮ ነው ያደረው። ሐምሌ 28 ጄኔራል ማክአርተር በፈረሰኛና በታንክ በተናቸው፤ ድንኳኑም ተቃጠለ። ታክሲ የምትነዱ በየቀኑ በዚያ ወንዝ ድልድይ ታልፋላችሁ።

በ1938 ዝቅተኛ ደሞዝ በሕግ ተወሰነ፤ በሰዓት 25 ሳንቲም። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩና እርሻ ላይ የሚሠሩ ግን ከሕጉ ውጭ ቀሩ። እነዚያ በአብዛኛው ማን እንደነበሩ ገብቷችኋል። ሽማግሌ የምትጦሩ፣ ልጅ የምታሳድጉ እህቶቼ፣ ጉዳዩ እናንተንም ይነካል። ሌላ ቀን ሰፋ አድርገን እናወራዋለን።

እማማ ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ዓመት አረፈች። ቀብሯ ላይ ከሆቴላችን ከሄድነው ውስጥ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጇ ማን ነህ ስትለኝ ስሜን ነገርኳት። «አውቀዋለሁ» አለችኝና እንከን በሌለው ንባብ ጠራችው። እናቷ ቤት ውስጥም ትለማመደው ነበር ለካ።

ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ውስጥ የራንዶልፍ ሐውልት አለ። ታክሲ ወረፋ የምትጠብቁ፣ ተራችሁ እስኪደርስ ገብታችሁ እዩት።

የዚያ ሆቴል ድምፅ ዘንድሮ እንደገና ይሰጣል። ሴቶቹ ቤት ለቤት የሚያነጋግር አማርኛ ተናጋሪ እንፈልጋለን ብለው ጠይቀውናል። ቡናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚችል ይመዝገብ። «ቴዲ»፣ «አቢ»፣ «ሚኪ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሙሉ ስም፣ ከነአባት። በአማርኛ ከሆነም ችግር የለም፤ አንደኛዋ ሴትዮ ማንበብ ጀምራለች።

ለመጪው ዘመን መለወጫ እንኳን አደረሳችሁ። ቡና ቅጂልን፣ እሙዬ።